የደጋምድር ነጭ ካርድ

«ነጩን! የትናየት፣ ነጩን ነው የምታነሺው!»

መምህር በእውቀቱ ከመድረኩ ሥር ሆነው በባዶ እጃቸው የሌለ ካርድ ከፍ አድርገው አሳዩ። የትናየት ሰማያዊውን አወረደችና ነጩን አነሣች። የአሥረኛ ክፍል ተማሪዎች ሳቁ።

«ያንቺ ሥራ እኮ ይኸው ብቻ ነው» አሉ መምህሩ። «ንግግር የለሽ፣ ክርክር የለሽ። ሰማያዊ ድጋፍ፣ ቀይ ተቃውሞ፣ ነጭ ድምፀ ተአቅቦ። ነጩን ታነሻለሽ፣ ትቀመጫለሽ፣ በቃ።»

«እሺ ቲቸር።»

«ዝም ማለትም አቋም ነው እንግዲህ፤ እንዳትንቂው።»

በማግስቱ ከአዲስ አበባ እንግዶች ይመጣሉ። ቱሪስት ከጠፋ ወዲህ ወንበሮቹ ተደራርበው በከረሙበት የሆቴል አዳራሽ ስለ ዓለም አቀፍ ሰላምና ጸጥታ ሕዝባዊ ውይይት ሊደረግ ነው። ከውይይቱ በፊት ተማሪዎች የጸጥታውን ምክር ቤት አስመስለው ያቀርባሉ። ከተማዋ ጦርነትን በቴሌቪዥን ብቻ አይደለም የምታውቀው፤ ስለዚህ መምህር በእውቀቱ ማንም እንዳይቀየም ብለው አገሮቹን ራሳቸው ፈጠሯቸው። ቆላምድር፣ ወይናምድርና ደጋምድር አሏቸው። ድንበር ላይ ያለ ድልድይ ተቃጥሏል። ቆላምድር «ያቃጠለው ወይናምድር ነው፤ ማዕቀብ ይጣልበት» ትላለች። ደጋምድር ከላይ ሆና ሁሉን አይታለች፤ ግን የሁለቱም ጎረቤት ስለሆነች ዝም ትላለች። የደጋምድር አምባሳደር የትናየት ነበረች።

የቆላምድር አምባሳደር ደግሞ ፀደይ ናት፤ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ከየትናየት ጋር አንድ ወንበር ላይ የተቀመጠች ጓደኛዋ። ፀደይ ስትናገር ያንቀላፋ ይነቃል። በልምምዱ ላይም ጣቷን ቀስራ «ያላጠፋ ይቀጣ አላልንም! ያጠፋ አይደበቅ ነው ያልነው!» ስትል የአዳራሹ ዘበኛ ሳይቀር አጨበጨበ። የትናየት አላጨበጨበችም። አቀርቅራ የነጩን ካርድ ጫፍ ታጥፋለች፣ ትዘረጋለች፣ መልሳ ታጥፋለች።

ይህን የምታደርግበት ምክንያት ነበራት።

ከጥቂት ሳምንታት በፊት በአሥረኛ «ሀ» እና በአሥረኛ «ለ» መካከል የተደረገው የኳስ ግጥሚያ በጠብ አለቀ። እርግጥ ኳስ ሜዳ ላይ ጠብ ብርቅ አይደለም፤ ዳኛውም ፊሽካውን ኪሱ ከትቶ ሲሮጥ ያ የመጀመሪያው አልነበረም። ያን ቀን ግን ድንጋይ ተወረወረ። የ«ለ» በረኛ ደሳለ ግራ ዓይኑን ይዞ ወደቀ። ከአጠገቡ ድንጋይ ጨብጦ የተገኘው አረጋ ነበር። አረጋ ከነአኩቶ ለአብ ገዳም በላይ ካለ ገጠር መጥቶ፣ ቤት ተከራይቶ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ስንቅ እየተላከለት የሚማር ልጅ ነው። «እኔ አልወረወርሁም» ብሎ ማለ። የወረወረ ሰው ድንጋዩ እንዴት እጁ ላይ ይቀራል ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም።

የትናየት አይታለች። ሦስት ልጆች አረጋን፣ ራሱን ሊከላከል ድንጋይ እንደጨበጠ፣ መሬት ላይ ጥለው ሲረግጡት ፀደይ ከሜዳው ዳር ቆማ «ተዉት! ተዉት!» እያለች ጮኸች። ሰሚ ስታጣ ጎንበስ አለችና ድንጋይ አንሥታ ወረወረች። አረጋን ልታስጥል ነበር። ድንጋዩ ግን ደሳለን አገኘው። ሜዳው ሲደበላለቅ ፀደይ የየትናየትን እጅ ይዛ ሮጠች፤ ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ስለዚያ ቀን አንድ ቃል ተነጋግረው አያውቁም። ፀደይ መታየቷን ትወቅ አትወቅ የትናየት እርግጠኛ አልነበረችም።

ደሳለ ከወልድያ ሆስፒታል ዓይኑን ሸፍኖ ተመለሰ። በዚያ ዓይኑ ብርሃንና ጥላ ብቻ ይለያል ተባለ። ታላቅ ወንድሙ ወንዴ የባጃጅ ሾፌር ነው። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ግን ሰው መጫኑን ትቶ፣ የነአኩቶ ለአብ መንገድ ከተማ ከሚገባበት አፍ ላይ ባጃጁን አቁሞ ይውላል። ማንን እንደሚጠብቅ ሰው ሁሉ ያውቃል። አረጋ ወደ አገሩ እንደወጣ ቀረ።

ነገሩ ደም ሳያመጣ ብለው ሽማግሎች አውጫጭኝ ጠሩ። በአውጫጭኝ የአካባቢው ሰው፣ ትልቅ ትንሽ፣ ክርስቲያን እስላም ሳይባል ሜዳ ላይ ይቀመጥና ከቀኝ ዳር ተጀምሮ አንድ በአንድ ያየውን ይጠየቃል። በአደባባይ መናገር የፈራ «ወፍ» ይሆናል። ለአንድ ሽማግሌ በጆሮው ሹክ ይላል፤ ሽማግሌውም «ወፍ እንዲህ አለችኝ» ብሎ ለጉባኤው ይናገራል። ወፊቱ ማን እንደሆነች መጠየቅ ነውር ነው።

ባለፈው እሑድ የትናየት ተራዋ ሲደርስ ተነሥታ «አላየሁም፣ አልሰማሁም» አለች። ፀደይም ያንኑ ብላ ተቀመጠች። ወፍም አልመጣችም። የሽማግሎቹ አውራ አባ ተክለ ሚካኤል መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሡ።

«እስከ መጪው እሑድ ጊዜ ሰጥተናችኋል» አሉ። «ያን ቀንም ዝም ካላችሁ የአረጋ አባት ስለ ልጁ ድንጋይ ተሸክሞ የደሳለን ቤተሰብ ይቅርታ ይለምናል። ካሳውንም ይከፍላል። እውነት ዘግይታ ብትመጣ ግን እኛን እንዳትወቅሱን።»

የውይይቱ ቀን አዳራሹ ሞላ። ከፊት ሹማምንትና ካህናት፣ ከእነሱ ኋላ ሥራ የፈቱ አስጎብኚዎች፣ ከኋላ ተማሪዎች ተቀመጡ። ዋናዋ እንግዳ ዶክተር ገለቴ ነበሩ፤ በሰላም አስከባሪ ተልእኮ በየአገሩ ሲዞሩ የኖሩ፣ መነጽራቸውን ፀጉራቸው ላይ ሰክተው የሚረሱ አጭር ሴት። አውሮፕላኑ ዘግይቶ ስለነበር ቁርስ አልበሉም። የጸጥታው ምክር ቤት ስለ ድልድዩ ሲከራከር እሳቸው በሶፍት የተጠቀለለ ዳቦ በቀስታ ይቆርሱ ነበር።

ፀደይ እንደ ልማዷ አዳራሹን አነቃነቀችው። ድምፅ ተሰጠ። የትናየት ሳትሳሳት ነጩን አነሣች። መምህር በእውቀቱ እፎይ ብለው ማጨብጨብ ሲጀምሩ ዶክተር ገለቴ እጃቸውን አወጡ።

«የደጋምድርን አምባሳደር አንድ ነገር ልጠይቅ።»

«እሷ እንኳ ንግግር የላትም» አሉ መምህሩ በትሕትና።

«ለዚህ ነው የምጠይቃት። ክብርት አምባሳደር፣ ድልድዩን ማን እንዳቃጠለው አገርዎ አይታለች ተብሏል። ታዲያ ለምን ድምፀ ተአቅቦ አደረጋችሁ?»

የትናየት ወደ መምህሩ አየች። መምህሩ ወደ ጣሪያው አዩ።

«ጎረቤታሞች ስለሆንን» አለች። ድምፅዋ በማይክሮፎኑ ውስጥ የሌላ ሰው መሰላት። «አንዷ ደግሞ... ወዳጃችን ናት።»

«እሺ። ማዕቀቡ ካላቃጠለው ላይ ቢወድቅስ? ያኔ ደጋምድር ምን ታደርጋለች?»

የትናየት ፀደይን አየቻት። ቆላምድር አምባሳደርነቷን ረስታ የአውራ ጣቷን ጥፍር ትበላለች።

«አላውቅም» አለች የትናየት።

ጥቂት ተማሪዎች ሳቁ። ዶክተር ገለቴ ግን አልሳቁም። የዳቦውን ፍርፋሪ ከቀሚሳቸው ላይ አራገፉ።

«እኔም ስንት ጊዜ አላውቅም ብያለሁ» አሉ። «በየሄድሁበት አገር ያየ ሰው አይጠፋም። አጠገቡ የሚቀመጥለት ሰው ነው የሚጠፋው። አመሰግናለሁ፣ ተቀመጪ።»

ከዚያ ውይይቱ ቀጠለ። አንድ ሹም ስለ ዘላቂ ሰላም አስፈላጊነት ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ተናገሩ። አንድ አስጎብኚ ደግሞ የዓለም ሰላም ሲመጣ ቱሪስቱ በስንተኛው ወር ይመለሳል ብሎ ጠየቀ፤ የቀኑ ትልቁ ጭብጨባ ለእሱ ሆነ። የትናየት ከዚያ ሁሉ የሰማችው ትንሽ ነው።

«ሴትዮዋ ሼም አስያዘችሽ አይደል?» አለቻት ፀደይ ወደ ቤት ሲወርዱ። «አቦ ተያት፣ አታካብጂው። በደንብ ነው የመለስሽው።»

«አላውቅም አልሁ እኮ።»

«እኮ፣ አሪፍ መልስ ነው።»

ሌላ ቀን ቢሆን ሁለቱም በሳቁ ነበር።

ቅዳሜ ገበያ ነው። የትናየት ከግቢያቸው ስትወጣ አረጋ ተከራይቶባት በነበረችው ክፍል ደጃፍ አንዲት አህያ ቆማለች። አያ ደግሰው፣ የአረጋ አባት፣ የልጃቸውን ጓዝ ይጭናሉ። ጓዙ አንዲት ፍራሽ፣ አንድ ድስትና ጥቂት መጽሐፎች ናቸው። መጽሐፎቹን በሁለት እጃቸው ይዘው ምን እንደሚያደርጓቸው ግራ ገብቷቸዋል።

«እንደምን አደርሽ ልጄ» አሉ። «አብረሽው አይደል የምትማሪው? ከነዚህ የመንግሥቱ የትኛው ነው? ለትምህርት ቤቱ እንድትመልሽልኝ ብዬ ነው።»

«አረጋ አይመለስም እንዴ አያ ደግሰው?»

«በየት መጥቶ? ያ ጎረምሳ መንገዱን ይዞት ይውላል። አንድ ዓይን ጠፍቶ ሌላ ነፍስ ይጨመር እንዴ? እረፍ ብየዋለሁ። ያርሳል።»

የትናየት መጽሐፎቹን ተቀበለች። የፊዚክሱ መጽሐፍ ሽፋን ላይ አረጋ ስሙን በሰማያዊ እስክርቢቶ አሳምሮ ጽፎታል። በክፍሉ ውስጥ ፊዚክስ የሚወድ እሱ ብቻ ነበር።

«እሱ ምን ይላል?» አለች፤ መልሱን እያወቀችው።

«አላደረግሁም ይላል። አምነዋለሁ፤ ዋሽቶኝ አያውቅም።» አያ ደግሰው የፍራሹን ገመድ ጠበቅ አደረጉት። «ግና ሰላም ከመጣ ድንጋይ ምን ይከብዳል? ነገ እሸከምለታለሁ። ይልቅ እሱ ነው የከፋው። አባቴ ላልሠራሁት ጥፋት ድንጋይ ከተሸከመማ ከተማውን ዳግም አልረግጠውም ይላል። ልጅ አይደል፣ ይለፈልፋል።»

ፈገግ ለማለት ሞከሩ። የትናየት አፈረች። ከራስ ጠጉሯ እስከ እግር ጥፍሯ አፈረች፤ ከእሳቸው ፊት ቆሞ መቆየት አቃታት። መጽሐፎቹን እንደታቀፈች ወደ ትምህርት ቤቱ አልሄደችም፤ ወደ እነ ፀደይ ቤት ወጣች።

ፀደይ ደጅ ተቀምጣ የአባቷን ጥምጥም ታጥባለች። አባቷ መሪጌታ ገብረ ሊባኖስ ናቸው፤ ለእሑድ ጥምጥማቸው እንደ ወተት ነጥቶ ካልሆነ አይሆንላቸውም። የትናየት መጽሐፎቹን ድንጋይ ላይ አስቀመጠችና አጠገቧ ቁጭ አለች። ፀደይ ከላይ ያለውን ስም አነበበች።

«መጽሐፉን መለሰ?»

«አባቱ ናቸው የሰጡኝ። ነገ ድንጋይ ሊሸከሙ ነው።»

ፀደይ ጥምጥሙን ጨመቀችው። ውኃው ካለቀ በኋላም ትጨምቀዋለች።

«አይቻለሁ ፀዲ» አለች የትናየት።

ጎረቤት ዶሮ ትንጫጫለች። ፀደይ ቀና አላለችም።

«ከመቼ?»

«ያኔውኑ።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?»

«አንቺስ?»

«ልናገር ነበር!» ፀደይ ድምፅዋን መልሳ ዝቅ አደረገች። «በማርያም፣ በነጋታው ልናገር ነበር። ስመጣ ግን ጥፋተኛው አረጋ ነው ብለው ጨርሰው ጠበቁኝ። አንድ ቀን ዝም ስትይ ሁለተኛው ቀን ይከብዳል። ሦስተኛው ደግሞ... ወንዴን አላየሽውም? አባቴ ለማኅሌት የሚወርደው በዚያ መንገድ ነው። አንድ ነገር ቢያደርግብኝስ?» ዓይኗ እንባ ሞላ። «ወፍ ልትሆኚ ነው?»

የትናየት ሳምንቱን ሙሉ ያሰበችው ይህንኑ ነበር። ለአባ ተክለ ሚካኤል አንዲት ሹክሹክታ ትበቃ ነበር። ስሟ አይነሣም። ግን ሰኞ ያው ወንበር ላይ ከፀደይ ጎን ትቀመጣለች። ፀደይ የክፍሉን ልጅ ሁሉ እየተጠራጠረች «ማን ይሆን?» ትላታለች፤ እሷም «እኔ እንጃ» ትላለች። ያንን ስታስበው ከቀድሞው ዝምታ የባሰ ሆኖ አገኘችው።

«አስቤ ነበር» አለች። «አልሆንም።»

ፀደይ ትንፋሿን ለቀቀች።

«ተነሥቼ ነው የምናገረው» አለች የትናየት። «በስሜ። ባለፈው መዋሸቴንም እናገራለሁ።»

ጥምጥሙ ሳፋው ውስጥ ሲወድቅ ውኃው የሁለቱንም ቀሚስ አራሰው።

«ጓደኛዬ ብዬሽ!» አለች ፀደይ ብድግ ብላ። «ያቺ ሴትዮ ናት ያሳበደችሽ! ማን ነኝ ብለሽ ነው፣ አምባሳደር? ሂጂ ከዚህ! ሂጂልኝ!»

የትናየት ተነሣች። ከልጅነቷ ጀምሮ ፀደይ ጮሃባት አታውቅም።

«ጥያቄው ከቀኝ ነው የሚጀምረው» አለች። «በቀኜ በኩል ቦታ እይዝልሻለሁ። እዚያ ከተቀመጥሽ ተራሽ ከኔ ይቀድማል። ልታስጥይው ብለሽ እንደወረወርሽ አንቺው ትነግሪያቸዋለሽ። ካልመጣሽም እኔ ያንኑ እነግራቸዋለሁ። ግን ካንቺ አፍ ቢሰሙት ይሻላል።»

ፀደይ ጀርባዋን ሰጠቻት። የትናየት የአረጋን መጽሐፎች አነሣች። ወደ ትምህርት ቤት ሳይሆን ወደ ቤቷ ይዛቸው ሄደች።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ሜዳው ዳር ካለው ወይራ ሥር ተሰበሰበ። አያ ደግሰው ራቅ ብለው ቆመዋል፤ እግራቸው ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ። ራሳቸው መርጠው ያመጡት ሳይሆን አይቀርም፤ ቀላል ድንጋይ አልነበረም። ከማዶ ወንዴ እጁን አጣምሮ ቆሟል። ደሳለ ከወንድሙ አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጦ የነቀላትን ሣር በአንድ ዓይኑ ያያታል። ጠብ የሚፈልግ ሰው አይመስልም፤ የደከመው ልጅ ነው የሚመስለው።

የትናየት በቀኟ በኩል የነጠላዋን ጫፍ መሬት ላይ ዘረጋች።

«እስቲ እዚች ልረፍ የኔ እናት» አሉ እማማ ሰአዳ፣ ጎረቤታቸው፣ ጉልበታቸውን ይዘው። «አቀበቱ ገደለኝ።»

«ይቅርታ እማማ፣ ሰው አለበት። በዚህ በኩል ይቀመጡ።»

«የት አለ ሰውዬው?»

«ይመጣል።»

እማማ ሰአዳ ባዶውን ቦታ አዩ፣ እሷን አዩ፣ በግራዋ ተቀመጡ።

አባ ተክለ ሚካኤል ጸሎት አድርሰው ጥያቄውን ከቀኝ ዳር ጀመሩ። አንዱ ተነሣ፣ አላየሁም አለ፣ ተቀመጠ። ሌላዋ ተነሣች፣ አልሰማሁም አለች። መምህር በእውቀቱ ተራቸው ሲደርስ ኮታቸውን ቆልፈው «በዕለቱ ስብሰባ ላይ ነበርሁ» አሉ። ተራው ወደ የትናየት ረድፍ ገባ። ባዶው ቦታ ባዶ እንደሆነ ነው። የምትናገረውን በልቧ ደገመችው። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር «ባለፈው እሑድ ዋሽቻለሁ» የሚል ነበር፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ይጠፋባታል።

ከእሷ በፊት ሁለት ሰዎች ሲቀሩ ከኋላ «ይቅርታ፣ ይቅርታ» የሚል ድምፅ ሰማች። አንዲት ልጅ በተቀመጠው ሰው መካከል እየተሻገረች ትመጣለች። የትናየት ዞራ አላየችም። የነጠላዋን ጫፍ ብቻ ሰበሰበች።

ፀደይ ተቀመጠች። ዓይኖቿ አብጠዋል። እጇ ገና የትናንቱ ሳሙና ይሸታል።

«ፈርቻለሁ» አለች በሹክሹክታ።

«እኔም።»

«ከተናገርሁ በኋላ አትሄጂም አይደል?»

«ከአንቺ ቀጥሎ ተራው የኔ ነው። የት እሄዳለሁ?»

ፀደይ እጇን ያዘቻት፤ ያን ቀን ከሜዳው ስትሮጥ እንደያዘቻት አጥብቃ ያዘቻት። ከፀደይ በስተቀኝ ያለው ሰውዬ ተነሣ፣ አላየሁም ብሎ ተቀመጠ። የአባ ተክለ ሚካኤል መቋሚያ ወደ እነሱ ዞረ።

«ቀጥሎ። ልጄ፣ ያየሽው አለ?»

ፀደይ በሌላ እጇ ነጠላዋን ሰበሰበች። የትናየት፣ ለመነሣት እንዲመቻት ብላ፣ እጇን ለቀቀችላት።